በማዋለጃ ክፍል የሚሠራ ቡድን እንዴት ይመራል? የቡድን ዕድገት ደረጃዎችና የግጭት አያያዝ

በአንድ የሌሊት ተረኝነት በማዋለጃ ክፍል አብረው የሚያድሩትን ሰዎች ብንመለከት አዋላጅ ነርሶችን፣ ኢንተርኖችን (በተግባር ልምምድ ላይ ያሉ ጀማሪ ሐኪሞችን)፣ ሬዚደንቱን (ለስፔሻሊስትነት የሚሠለጥነውን ሐኪም) ወይም የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያውን፣ ከቤቱ በስልክ የሚጠራውን ሲኒየር ሐኪም፣ ሰመመን ሰጪውን፣ የቀዶ ሕክምና ክፍል ነርሷን፣ የላቦራቶሪ ባለሙያውን፣ ተላላኪውንና የጽዳት ሠራተኛዋን እናገኛለን። እነዚህ ሰዎች የሠለጠኑት በተለያየ ትምህርት ቤትና በተለያየ ዘመን ሲሆን፣ ስለ ሥራ ድርሻቸው ያላቸው ግንዛቤም አንድ ዓይነት አይደለም። ሆኖም ከወሊድ በኋላ ደም የሚፈሳት እናት ስትገጥማቸው በደቂቃዎች ውስጥ እንደ አንድ ሰው መሥራት ይጠበቅባቸዋል።

ይህ መመሪያ ለክፍል አስተባባሪዎች፣ ለተረኛ ቡድን መሪዎችና አዲስ ለሚመደቡ ሐኪሞች የተዘጋጀ ነው። ምሳሌዎቹ ከማዋለጃ ክፍል የተወሰዱት በዚያ ክፍል ጊዜው አጭር፣ የሚገናኙት ሙያዎችም ብዙ ስለሆኑ ነው፤ በድንገተኛና በጽኑ ሕሙማን ክፍሎች ለሚሠሩም በአብዛኛው ያገለግላል። የመመሪያው ዋና ሐሳብ የቡድን መሪ ሥራ ግጭት እንዳይኖር ማድረግ ሳይሆን፣ ስለ ሥራው የሚነሣው አለመግባባት በጊዜው ወጥቶ እንዲነገርና ወደ ሰዎች ጠብ ሳይለወጥ በሥራ ደንብ እንዲቋጭ ማድረግ ነው የሚል ነው።

ደረጃዎቹና ወሰናቸው

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ብሩስ ተክማን በ1965 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ስለ አነስተኛ ቡድኖች የተጻፉ 50 ያህል ጥናቶችን መርምሮ፣ ቡድኖች በአብዛኛው በአራት ደረጃዎች እንደሚያልፉ ገለጸ። በመጀመሪያ ሰዎች ይሰባሰባሉ፤ በዚህ ጊዜ ሁሉም ጥንቁቅና ጨዋ ነው፣ መሪውንም በዓይኑ ይከተላል። ቀጥሎ ይፋጫሉ፤ ማን ምን ይወስናል፣ የማን አሠራር ይበልጣል የሚለው ጥያቄ ይነሣል። ከዚያ የጋራ ደንብ አውጥተው ይስማማሉ፤ በመጨረሻም ጉልበታቸውን እርስ በርስ ከመፈታተን ወደ ሥራው ይመልሳሉ። ተክማን በ1977 ከሜሪ አን ጄንሰን ጋር ሆኖ አምስተኛውን ደረጃ፣ ማለትም መሰነባበትን፣ ጨመረበት።

ይህ አከፋፈል ጠቃሚ ቢሆንም ወሰኑን ማወቅ ያስፈልጋል። ተክማን ከመረመራቸው ጥናቶች ብዙዎቹ በሥነ ልቦና ሕክምናና በሥልጠና ቡድኖች ላይ የተካሄዱ ነበሩ፤ እነዚያ ቡድኖች አባሎቻቸው ሳይለወጡ ለረጅም ጊዜ አብረው የሚቆዩ ናቸው። የሆስፒታል ክፍል ግን እንዲህ አይደለም። ኢንተርኖች የተመደበላቸውን ጊዜ ሲጨርሱ ወደ ሌላ ክፍል ይዛወራሉ፣ ነርሶች በፈረቃ ይቀያየራሉ፣ ሰመመን ሰጪው ዛሬ ከዚህኛው፣ ነገ ከሌላኛው ቡድን ጋር ይቆማል። በ1988 የሥራ ቡድኖችን ያጠናችው ኮኒ ገርሲክም ቡድኖች በተራ ደረጃ በደረጃ ከማደግ ይልቅ በመጀመሪያው ስብሰባ የያዙትን አካሄድ ይዘው እንደሚቆዩና የተሰጣቸው ጊዜ አጋማሽ ላይ ሲደርስ በድንገት እንደሚለውጡት አሳይታለች። ከዚህ የምንወስደው ቁም ነገር የመጀመሪያው ቀን የሚተከለው አሠራር ለሳምንታት ሳይነቀል እንደሚቆይ ነው።

ስለዚህ በአንድ ክፍል ውስጥ ቢያንስ ሦስት ቡድኖች ተደራርበው እንዳሉ አድርገው ያስቡ። አንደኛው ለዓመታት አብረው የሠሩ አዋላጅ ነርሶችና አስተባባሪዋ ያሉበት ቋሚ ቡድን ነው። ሁለተኛው በየጊዜው የሚመጡትና የሚሄዱት ኢንተርኖችና ሬዚደንቶች ከቋሚዎቹ ጋር የሚፈጥሩት ቡድን ነው። ሦስተኛው ለአንድ ቀዶ ሕክምና ብቻ ተሰብስቦ ከአንድ ሰዓት በኋላ የሚበተነው ነው። ቋሚው ቡድን ከተስማማ ብዙ ጊዜ ያለፈው ቢሆንም፣ ከአዲሶቹ ጋር የሚፈጥረው ቡድን ገና በመፋጨት ላይ ሊሆን ይችላል። «ቡድናችን የት ደርሷል?» ብለው ሲጠይቁ የትኛውን ቡድን ማለትዎ እንደሆነ አስቀድመው ይለዩ።

መሰባሰብ፦ የመጀመሪያው ቀንና የእያንዳንዱ ተረኝነት መጀመሪያ

በብዙ ክፍሎች አዲስ የተመደበ ኢንተርን በመጀመሪያው ቀን የሚሰጠው ትውውቅ ክፍሉን ዞሮ ማየት ብቻ ነው፤ ቀሪውን ሥራው ራሱ ያስተምረዋል ተብሎ ይታሰባል። ሥራው የሚያስተምረው ግን በእናቶችና በሕፃናት ላይ በሚደርስ መጉላላት በኩል በመሆኑ ይህን ልማድ መተው ይገባል። በመጀመሪያው ቀን ግማሽ ሰዓት ወስደው የሚከተሉትን ጉዳዮች በግልጽ ያስረዱ፦ ምጥ ላይ ያለችን እናት የሚከታተለው ማን እንደሆነና በየስንት ደቂቃው እንደሚያያት፣ የኦክሲቶሲን (ምጥን የሚያፋጥን መድኃኒት) ጠብታ ለመጀመር፣ ለመጨመርና ለማቆም ሥልጣን ያለው ማን እንደሆነ፣ ደም ከባንክ የሚያመጣው ማን እንደሆነ፣ የቀዶ ሕክምና ክፍሉን የሚያነቃው ማን እንደሆነ፣ በካርዱ ላይ ኦርደር (የሕክምና ትእዛዝ) የሚጽፈውና የሚፈርመው ማን እንደሆነ። እነዚህ ትንንሽ መስለው የሚታዩ ጥያቄዎች በኋላ ለሚነሣው ጠብ አብዛኛውን ምክንያት ይሰጣሉ።

ከሁሉም በላይ ሲኒየር ሐኪም የሚጠራበትን ሁኔታ በጽሑፍ አስቀምጠው ግድግዳ ላይ ይለጥፉ። «ሲያስፈልግ ይጠራ» የሚል መመሪያ ለጀማሪ ሐኪም ምንም አይጠቅመውም፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ስልኩን ይዞ ይደውል አይደውል ብሎ የሚያመነታው በዕውቀት ማነስ ብቻ ሳይሆን በይሉኝታ ጭምር ነውና። የጽንሱ የልብ ምት በደቂቃ ከ110 በታች ወይም ከ160 በላይ ሆኖ ከቆየ፣ የምጡ ሂደት ከተጠበቀው ከዘገየ፣ የእናቲቱ የደም ግፊት ከተወሰነ ልክ ካለፈ፣ ደሙ በመጀመሪያ ሕክምና ካልቆመ ይደወል ተብሎ በቁጥር ከተጻፈ፣ ደዋዩ የሚፈጽመው የክፍሉን ደንብ ነው፤ ሲኒየሩም «ለምን ቀሰቀስከኝ?» ለማለት ምክንያት አይኖረውም።

በየተረኝነቱ መጀመሪያ ደግሞ አምስት ደቂቃ የማይሞላ አጭር ትውውቅ ያድርጉ። እያንዳንዱ ሰው ስሙንና የዚያን ሌሊት ድርሻውን ይናገር፤ አስጊ የሆኑት እናቶች በስም ይጠቀሱ፤ ደም፣ ኦክስጅንና የቀዶ ሕክምና አልጋ መኖሩ ይረጋገጥ። የዓለም ጤና ድርጅት የቀዶ ሕክምና ደኅንነት ማረጋገጫ ዝርዝር የቡድኑ አባላት ቆዳ ከመቀደዱ በፊት በስምና በሙያ ድርሻ እንዲተዋወቁ የሚያዘው በዚህ ምክንያት ነው። ዝርዝሩ የታንዛኒያዋን ኢፋካራን ጨምሮ በስምንት ከተሞች በሚገኙ ሆስፒታሎች ተሞክሮ በ2009 ውጤቱ ሲታተም፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚደርሰው ሞት ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 በመቶ፣ ጉዳቱም ከ11 በመቶ ወደ 7 በመቶ መውረዱ ተዘግቧል። ይህ ሁሉ የመጣው በመተዋወቅ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ዝርዝሩ ሌሎች ብዙ ማረጋገጫዎች አሉት። ነገር ግን ስሟ የተጠራላትና ድምፅዋ አንድ ጊዜ የተሰማ ነርስ፣ በኋላ የጎደለ ነገር ስታይ ለመናገር እንደሚቀልላት በቀዶ ሕክምና ክፍል የሠራ ሁሉ የሚያውቀው ነው።

መፋጨት፦ ጠቡ ከየት ይመጣል?

በማዋለጃ ክፍል የአለመግባባት ትልቁ ምንጭ ልምድና ሥልጣን በአንድ ሰው ላይ አለመገናኘታቸው ነው። ለ15 ዓመት ያዋለደችው ነርስ እናቲቱን አይታ ምጡ እንደማይሄድ ታውቃለች፤ ኦርደር የሚፈርመው ግን በክፍሉ ሦስተኛ ሳምንቱን የያዘ ኢንተርን ነው። ነርሷ የማይሰማት መስሎ ይታያታል፤ ኢንተርኑ ደግሞ የተናቀ መስሎ ይሰማዋል። ሁለቱም ስሜቶች እውነተኛ መነሻ አላቸው።

ሌላው ምንጭ የሙያ ድርሻዎች መደራረብ ነው። በኢትዮጵያ በ2009 የተጀመረው የተቀናጀ ድንገተኛ ቀዶ ሕክምና የማስተርስ ሥልጠና ጤና መኮንኖችን በቀዶ ሕክምና ለማዋለድና ለሌሎች አስቸኳይ ቀዶ ሕክምናዎች ያበቃ በመሆኑ ስፔሻሊስት ባልነበረባቸው ቦታዎች የብዙ እናቶችን ሕይወት የሚታደግ አገልግሎት አስገኝቷል። ነገር ግን ይህ ባለሙያ፣ ጠቅላላ ሐኪሙና ስፔሻሊስቱ በአንድ ሆስፒታል ሲገናኙ ማን ማንን እንደሚያማክርና የመጨረሻው ውሳኔ የማን እንደሆነ ካልተጻፈ፣ የሙያ ክብር ጥያቄ በየሌሊቱ በእናቶች አልጋ ዳር ይነሣል። ከዚህም ሌላ አንዱን የቀዶ ሕክምና አልጋ ማን ይቅደም በሚል፣ ለተከታዩ ተረኛ በሚተላለፍ ያልተጠናቀቀ ሥራ፣ እንዲሁም ውጤቱ ሲበላሽ በጠዋቱ ስብሰባ ላይ በሚወርደው ወቀሳ ምክንያት ግጭት ይፈጠራል።

የተክማን ሁለተኛ ደረጃ ሲነገር ብዙ ሰው ጩኸትና ክርክር ይታየዋል። በእኛ ሆስፒታሎች ግን መፋጨቱ ብዙውን ጊዜ የሚገለጸው በዝምታ ነው። ለታላቅ መታዘዝና ሆድ ይፍጀው ብሎ ማለፍ እንደ ጨዋነት ስለሚቆጠሩ ቅሬታው አፍ አውጥቶ አይናገርም። ስለዚህ የቡድን መሪ የዝምታን ምልክቶች ማንበብ መቻል አለበት። ነርሷ በካርዱ ላይ «ለዶክተር ተነግሯል» ብላ ሰዓቱን ጽፋ ከተወችና ሐኪሙ እስኪመጣ ካልወተወተች፣ ያ ጽሑፍ የተጻፈው ለእናቲቱ ደኅንነት ሳይሆን ነገ ለሚመጣው ጥያቄ መከላከያ እንዲሆን ነው። ሁለት ባልደረቦች መልእክት የሚለዋወጡት በሦስተኛ ሰው በኩል ከሆነ፣ አንዱ ከሌላው ጋር ተረኛ ላለመሆን መርሐ ግብር እንዲቀየርለት ደጋግሞ ከጠየቀ፣ በጠዋቱ ስብሰባ ላይ የሚናገሩት ሁልጊዜ ሁለት ሰዎች ብቻ ከሆኑ፣ ርክክቡ ቆሞ በመነጋገር ሳይሆን መዝገብ በማስፈረም ብቻ ካለቀ፣ ክፍሉ ጸጥ ያለ ቢመስልም በመፋጨት ላይ ነው።

የዝምታው ዋጋ ከባድ ነው። በአሜሪካ የሆስፒታሎችን ጥራት የሚመዝነው ጆይንት ኮሚሽን በ2004 በወሊድ ጊዜ ሕፃናት የሞቱባቸውንና ዘላቂ ጉዳት የደረሰባቸውን 47 አጋጣሚዎች ሲመረምር፣ ከዋና መንስኤዎቹ መካከል የመጀመሪያው የመግባባት ችግር ሆኖ በ72 በመቶዎቹ ላይ ተገኝቷል። ከተቋማቱም ከግማሽ የሚበልጡት የሙያ ተዋረድንና መፈራራትን ጨምሮ የተቋሙ ባህል እንቅፋት እንደሆነባቸው ገልጸዋል።

ሥራን የሚመለከት ግጭትና ሰውን የሚመለከት ግጭት

በ1995 የታተመው የካረን ጄን ጥናት በሥራ ይዘት ላይ የሚነሣን አለመግባባት በሰዎች መካከል ካለ ጥላቻ ለይቶ ያቀረበ በመሆኑ ለክፍል መሪዎች ጠቃሚ መነጽር ነው። «ይህች እናት አሁን ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል ወይስ ሁለት ሰዓት እንጠብቅ?» የሚለው የሥራ ጥያቄ ነው። «እሱ ሁልጊዜ ለመቅደድ ይቸኩላል» የሚለው ግን ስለ ሰውየው ነው። ከዚያ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች፣ በተለይም በ2003 ብዙ ጥናቶችን አጠቃልሎ የመረመረው ሥራ፣ የሥራ አለመግባባትም ቢሆን በራሱ ጥቅም እንደማያመጣ አሳይተዋል፤ ምክንያቱም ቶሎ ወደ ሰዎች ጠብ ይለወጣል። ስለዚህ «ግጭት ለቡድን ይጠቅማል» በሚለው አባባል ብቻ ተማምኖ ሰዎችን እንዲከራከሩ መተው ትክክል አይደለም። መሪው በክርክሩ መካከል ገብቶ ንግግሩን ወደ እናቲቱ፣ ወደ ቁጥሮቹና ወደ ሰዓቱ እየመለሰ መጠበቅ አለበት።

በአልጋው ዳር ምን ይባላል?

እናቲቱ አደጋ ላይ ሳለች የማን ስሜት ተጎዳ የሚለው ጥያቄ ይቆያል፤ መናገር ግን አይቆይም። የአሜሪካ መከላከያ መሥሪያ ቤትና የጤና ምርምርና ጥራት ኤጀንሲው በ2006 ለሕክምና ቡድኖች ያወጡት ቲምስቴፕስ የተባለው ሥልጠና ለዚህ የሚሆን ቀላል መሰላል አለው፤ በመጀመሪያ ስጋትን መግለጽ፣ ቀጥሎ በውሳኔው አለመስማማትን መናገር፣ በመጨረሻም ጉዳዩ የደኅንነት አደጋ መሆኑን አስታውቆ ሥራውን ማስቆም። በእኛ ክፍል አነጋገር ይህ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ዶክተር፣ አልጋ 4 ያለችው እናት አሳስባኛለች። ባለፈው ግማሽ ሰዓት የጽንሱ የልብ ምት ሁለት ጊዜ ከ110 በታች ወርዷል። መጥተው እንዲያዩልኝ እፈልጋለሁ።»

መልሱ «እሺ፣ ጠብታውን ቀጥይ፣ እመጣለሁ» ከሆነና የልብ ምቱ ካልተስተካከለ ለሁለተኛ ጊዜ፦ «ዶክተር፣ ጠብታው እንዲቀጥል አልስማማም። አሁን 100 ነው። ጠብታውን አቁሜ በግራ ጎኗ አስተኝቻታለሁ።»

አሁንም ምላሽ ካልተገኘ፦ «ይህ ለሕፃኑ አደጋ ነው። በክፍሉ ደንብ መሠረት ለሲኒየሩ እየደወልኩ ነው።»

በዚህ ንግግር ውስጥ የሚያዋርድ ቃል የለም፤ አክብሮቱ እንዳለ ሆኖ ቁጥሩና የሚፈለገው ነገር ግልጽ ነው። ሦስተኛው እርምጃ እንደ ክስ ወይም እንደ ክህደት እንዳይቆጠር በመጀመሪያው ቀን ለሁሉም «ሁለት ጊዜ ተናግሮ ያልተሰማ ሰው ወደሚቀጥለው ኃላፊ ይደውላል» ተብሎ መነገር አለበት። ጠብታውን ማቆም የመሳሰለ አስቸኳይ እርምጃ አዋላጇ ትእዛዝ ሳትጠብቅ መውሰድ እንደምትችልም በዚያው ዕለት ይገለጽ።

የሚነገረው ሰው አመላለስም ሊሠለጠንበት ይገባል። በእኔ እምነት ሥልጠናዎቻችን ለዝቅተኛው ሠራተኛ «ተናገሪ» እያሉ፣ ለከፍተኛው «እንዲህ አድርገህ ስማ» የማይሉ በመሆናቸው ግማሽ ሥራ ይሠራሉ። ሲኒየሩ ስጋቱ ልክ ሆኖ ባይገኝ እንኳ «ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ፤ ያየሁት እንዲህ ነው፣ ስለዚህ እንዲህ እናድርግ» ቢል፣ በሚቀጥለው ሌሊት ልክ የሆነው ስጋት ይነገረዋል። በሌሎች ፊት አንድ ጊዜ የተገሠጸች ነርስ ግን ለወራት ዝም ልትል ትችላለች። ኤሚ ኤድመንድሰን በሆስፒታል የነርስ ቡድኖች ላይ ባደረገችውና በ1996 በታተመ ጥናት፣ መልካም አመራር ያላቸው ክፍሎች ብዙ የመድኃኒት ስሕተት መዝግበው ተገኝተዋል፤ ማብራሪያው የበለጠ ስለተሳሳቱ ሳይሆን ስሕተትን ለመናገር ስላልፈሩ ነው የሚል ነበር። በክፍልዎ የሚመዘገበው ስሕተት ዜሮ ከሆነ ከመደሰትዎ በፊት ለምን እንደሆነ ይጠይቁ።

ከአደጋው በኋላ፦ የሁለት ሰዎች ንግግርና የአስተባባሪዋ ሚና

ቅሬታው ሳያድር፣ ከተቻለ በዚያው ተረኝነት ማብቂያ ላይ፣ እናቶችና ቤተሰብ በማይሰሙበት ቦታ ሁለቱ ሰዎች ይነጋገሩ። ቅሬታ ያለው ሰው የሆነውን ነገር፣ ያሳደረበትን ስሜት፣ ወደፊት እንዲሆን የሚፈልገውንና የሚያስገኘውን ጥቅም በዚህ ቅደም ተከተል ይናገር። ለምሳሌ፦ «ዶክተር፣ ሌሊት በእናቲቱ ፊት ‹አንቺ ምን ታውቂያለሽ› ብለውኛል። በጣም ከብዶኛል፤ እናቲቱም ከዚያ በኋላ የምነግራትን አልሰማ አለች። በእኔ አስተያየት ካልተስማሙ ወደ ጎን ጠርተው ይንገሩኝ፤ እንዲህ ከሆነ ሁለታችንም እንተማመናለን፣ እናቲቱም ታምነናለች።» «ሁልጊዜ»፣ «መቼም»፣ «እናንተ ሐኪሞች»፣ «እናንተ ነርሶች» የሚሉ ቃላት ከዚህ ንግግር ይውጡ፤ አንድን አጋጣሚ የሙያ ማኅበራት ጦርነት ያደርጉታል።

ሁለቱ ብቻቸውን መጨረስ ካልቻሉ አስተባባሪዋ ትገባለች። በመጀመሪያ እያንዳንዱን ለየብቻ ትስማ። ቀጥላ የሌሊቱን ክስተት ከካርዱ ላይ በሰዓት ቅደም ተከተል ጽፋ ሁለቱም በጽሑፉ መስማማታቸውን ታረጋግጥ፤ ብዙ ጠብ አንዱ የሚያውቀውን ሌላው ባለማወቁ የተነሣ መሆኑ እዚህ ላይ ይታያል። ከዚያ ሁለቱን አገናኝታ በሦስት ጥያቄ ትምራ፦ በየትኛው ነጥብ ላይ ውሳኔው ግልጽ አልነበረም? በዚያ ነጥብ ላይ ማን እንዲወስን እንፈልጋለን? ይህን ለሌሎቹ ተረኞች እንዴት እናሳውቃለን?

እዚህ ላይ ከባህላችን የመጣ አንድ ጥንካሬና አንድ ድካም አለ። ሽምግልና ሰዎችን በማስታረቅ የተካነ ሥርዓት ነው፤ ታላቅ የሚባል ባልደረባ ገብቶ «ይቅር ተባባሉ» ሲል የተቃቃሩት ይጨባበጣሉ፣ ቡናም አብረው ይጠጣሉ። ይህ ዕርቅ ትልቅ ዋጋ አለው፣ ሊናቅም አይገባም። ነገር ግን ጠቡን የወለደው የአሠራር ክፍተት ሳይደፈን ዕርቁ ብቻ ከተፈጸመ፣ በሚቀጥለው ወር ከሌላ ኢንተርን ጋር ያው ጠብ ይነሣል። ስለዚህ ዕርቁ በጽሑፍ በሚወጣ አንድ የሥራ ደንብና ደንቡ መሥራቱ በሚታይበት ቀን ይደምደም። ደንቡ አጭር ይሁን፤ «የጽንሱ የልብ ምት ከ110 በታች ሲሆን ጠብታውን ያየችው አዋላጅ ታቆማለች፣ ሐኪሙም ወዲያው መጥቶ ያያል» ዓይነት።

የጠዋቱን ስብሰባ ለሚመሩ ሲኒየሮች አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ ያደረ ኢንተርን በሁሉም ፊት የሚዋረድበት ስብሰባ መረጃን መደበቅ ያስተምራል። «ማን ነው ይህን ያደረገው?» ከማለት ይልቅ «በዚህ ሰዓት ምን ታያችሁ? ምንስ ጎደላችሁ?» ብለው ይጀምሩ፤ አዋላጅ ነርሶችም በስብሰባው እንዲገኙና ከኢንተርኑ ቀጥሎ እንዲናገሩ ያድርጉ።

ሁሉም ነገር ግን የዕድገት ደረጃ ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ስድብ፣ ዛቻ፣ እጅ ማንሣት፣ ጾታዊ ትንኮሳ፣ በብሔር ወይም በሃይማኖት መዝለፍ፣ ለድንገተኛ ጥሪ አልመጣም ማለት፣ መዝገብ መሰረዝ ወይም መለወጥ የዲሲፕሊን ጉዳዮች ናቸው። በእነዚህ ላይ ተበዳዩን ከበዳዩ ጋር አስቀምጦ «ተነጋገሩ» ማለት በደሉን ማጽናት ስለሆነ፣ በቀጥታ በጽሑፍ ለሆስፒታሉ አመራር መቅረብ አለባቸው።

መስማማትና መሥራት

ቡድኑ ደንቦቹን ሲያወጣና ሲያከብር የመሪው ሥራ ይቀላል፤ ሆኖም አንድ አደጋ አለ። ሰዎች በመጥፎ ልማድ ላይም ይስማማሉ። ፓርቶግራፍ (የምጥ ሂደት መከታተያ ቅጽ) ምጡ እየሄደ ሳይሆን ሕፃኑ ከተወለደ በኋላ ተሞልቶ የሚቀመጥበት፣ ሲኒየሩ እንዳይቆጣ ሌሊት ላለመደወል ሁሉም በውስጡ የተስማማበት፣ የቀዶ ሕክምናው ማረጋገጫ ዝርዝር ሳይነበብ ምልክት የሚደረግበት ክፍል ጠብ የሌለበትና የተፋቀረ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በየወሩ ጥቂት ካርዶችን አውጥተው የጽሑፉን ሰዓት ከድርጊቱ ሰዓት ጋር ያስተያዩ፤ ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደምንና ኤክላምፕሲያን (ከእርግዝና ደም ግፊት ጋር የሚመጣ መንቀጥቀጥን) የመሳሰሉ ድንገተኛ ሁኔታዎችንም ሁሉም ሙያዎች ባሉበት ተለማመዱ። በልምምድ ላይ ተላላኪውንና የላቦራቶሪ ባለሙያውን መተው የተለመደ ነው፤ ደሙ የሚዘገየው ግን ብዙ ጊዜ በእነሱ መንገድ ላይ ነው።

ርክክብንም በዚህ ደረጃ ያጠናክሩ። በ2014 በዘጠኝ የሕፃናት ሕክምና ማሠልጠኛ ሆስፒታሎች ላይ የታተመ ጥናት፣ ሬዚደንቶች በተወሰነ ቅርጽ እንዲረካከቡ በመደረጉ የሕክምና ስሕተት በ23 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። ቅርጹ የሕመሙን ክብደት፣ አጭር ታሪኩን፣ የሚቀረውን ሥራ፣ ሊመጣ የሚችለውን ችግርና ተቀባዩ የሰማውን መልሶ መናገሩን ያካትታል። የመጨረሻው በእኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ነው።

መሰነባበት

ኢንተርኖች የሚለቁበትን ሳምንት እንደ አንድ ደረጃ ይዩት። የሚለቁት ሁሉ በአንድ ቀን ወጥተው አዲሶቹ ሁሉ በዚያው ቀን ከሚገቡ፣ ቢያንስ ለሁለት ወይም ለሦስት ተረኝነት ነባርና አዲስ ተቀላቅለው እንዲሠሩ መርሐ ግብሩን ያስተካክሉ። የሚሄዱት ኢንተርኖች በአንድ ገጽ ላይ ያስቸገራቸውን፣ የጠቀማቸውንና ለተተኪዎቻቸው የሚመክሩትን ይጻፉ፤ አስተባባሪዋም ስም ሳይጠቀስ ለቋሚዎቹ ነርሶች ታንብበው። ቋሚዎቹም በበኩላቸው ለሚሄዱት ያስተዋሉትን በአክብሮት ይንገሯቸው፤ ወጣት ሐኪም ከአዋላጅ ነርስ የተሰጠውን ቅን አስተያየት ይዞ ወደሚቀጥለው ሆስፒታል ይሄዳል።

መመሪያው የማይፈታቸው ችግሮች

አንዲት አዋላጅ በአንድ ጊዜ ስድስት ምጥ ላይ ያሉ እናቶችን የምትከታተል ከሆነ፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ለወራት ከዘገየ፣ ጓንትና ስፌት ክር ከውጭ በታካሚው ቤተሰብ የሚገዛ ከሆነ፣ በዚያ ክፍል የሚነሣው ቁጣ ከመግባባት ጉድለት የመጣ አይደለም። እንዲህ ባለ ሁኔታ የቡድን ግንባታ ሥልጠና ማዘጋጀት ሠራተኛውን የበለጠ ያስቆጣል፤ እውነተኛው ችግር እንዳልተሰማ ይቆጥረዋልና። አስተባባሪዋ በርክክብ መዝገቡ ላይ የእናቶችንና የተረኞችን ቁጥር፣ የጎደለውን ዕቃና የዘገየውን ቀዶ ሕክምና በየቀኑ ትመዝግብ፤ በወሩ መጨረሻም ክፍሉ በሙሉ የፈረመበትን ማጠቃለያ ለሜዲካል ዳይሬክተሩና ለሥራ አስኪያጁ ታቅርብ። ሐኪሙና ነርሷ በአንድ ወረቀት ላይ ሲፈርሙ አመራሩ ጉዳዩን የአንድ ሙያ ቅሬታ ነው ብሎ ወደ ጎን ሊተወው ይከብደዋል። መልሱ በተባለው ጊዜ ካልመጣ የሚቀጥለው ወር ማጠቃለያ ያለፈውን ቀን ጠቅሶ እንደገና ይቅረብ።